ከተማን የከሰሰ ሰው

ቁንዝላ ላይ ሰው ከማዘጋጃ ቤት ጋር ሲጋጭ የሚሰጠው ምክር ዛሬም ያው የጥንቱ ነው፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከመንግሥት ጋር ተካስሶ በሬውን የሸጠ፣ ቀጠሮ ለቀጠሮ ሲመላለስ ያረጀ ዘመድ ሁሉም አለው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ በጣና ምዕራብ ዳርቻ፣ ሰሜን አቸፈር ውስጥ ነው ያደግሁት። ሕግ ተምሬ መጀመሪያ በአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነገረ ፈጅ ሆንኩ፤ ኋላ የጥብቅና ፈቃድ አውጥቼ ባሕር ዳር ላይ ቢሮ ከፈትኩ። ከተማን ወክዬ ተከራክሬያለሁ፤ ከተማን ከስሼም ተከራክሬያለሁ። ከሁለቱ ወገን ያየሁትን፣ ለአገሬ ሰው ይጠቅማል ያልኩትን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

ከተማ ይከሰሳል፣ ስሙ በትክክል ከተጻፈ

ተረቱ መሠረት ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መንግሥት ኃላፊ የሚሆንበትን መንገድ ከከፈተ በኋላ፣ እዚያው ወረድ ብሎ ንጉሠ ነገሥቱን ከተጠያቂነት ነፃ አድርጎ ነበር። ዘውዱ ከወረደ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ መንግሥትን ተጠያቂ የሚያደርጉት አንቀጾች ግን ዛሬም ይሠራሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ከተማን መክሰስ ያስቸገረው እኛን ብቻ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ ዐሥራ ሦስት ፖሊሶች ያለ ማዘዣ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ቤት ሰብረው ገብተው፣ ቤተሰቡን ከአልጋ አስነሥተው ራቁታቸውን ሳሎን አቆሟቸው። ጉዳዩ ከአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲወሰን ፖሊሶቹ ሊከሰሱ ይችላሉ ተባለ፤ የቺካጎ ከተማ ግን በክሱ መሠረት በሆነው ሕግ አነጋገር «ሰው» ስላልሆነ አይከሰስም ተብሎ ተሰናበተ። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የኒው ዮርክ ከተማ ሴት ሠራተኞች ነፍሰ ጡር ሲሆኑ የጤና ምክንያት ሳይኖር ያለ ደመወዝ ዕረፍት እንዲወጡ መገደዳቸውን ተቃውመው ባቀረቡት ክስ ያው ፍርድ ቤት ሐሳቡን ለወጠ፤ ከተማም ይከሰሳል አለ። ያም ሆኖ ከተማው ሠራተኛው ባጠፋው ሁሉ አይጠየቅም፤ ጥፋቱ ከከተማው መመሪያ ወይም ከለመደው አሠራር የመጣ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

በእኛ ችሎት ይኸው ክርክር በመቃወሚያ መልክ ይመጣል። ገበሬው «ማዘጋጃ ቤቱ መሬቴን ወሰደብኝ» ብሎ ይከሳል። የተከሳሹ ነገረ ፈጅ መልሱን ከመጻፉ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሣል፤ «የተከሰሰው የሥራ ክፍል በሕግ የተቋቋመና ሕጋዊ ሰውነት ያለው አይደለም፤ ከክሱ እንሰናበት»። ይህን ዐረፍተ ነገር እኔ ራሴ ብዙ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። ይሠራልም። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ስማቸውን ቶሎ ቶሎ ይለውጣሉና፣ ትናንት «መሬት ልማት» የነበረው ዛሬ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ፣ ነገ ደግሞ ተከፍሎ ይገኛል። አቤቱታው ሲጻፍ የነበረው ስም መጥሪያው ሲደርስ በር ላይ የለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የጎዳችሁን ደብዳቤ አንሡና ከላይ ያለውን ራስጌ፣ ከታች ያለውን ክብ ማኅተም አንብቡ። ደብዳቤውን የጻፈውን ክፍልም፣ በላዩ ያለውን የከተማ አስተዳደርም አጣምራችሁ ክሰሱ። አንዱ ቢሰናበት ሌላው ይቀራል።

የሚያከራክረው ዋጋው ነው

ወደ ቢሮዬ የሚመጣ ገበሬ የመጀመሪያ ቃሉ አንድ ነው፤ «መሬቴን አልሰጥም በልልኝ»። ይህን ልልለት አልችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ገበሬው ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ ይሰጠዋል፤ እዚያው መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልገው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ መውሰድ እንደሚችል ይጽፋል። «ለሕዝብ ጥቅም አይደለም» የሚል ክርክር በወረቀት ላይ አለ፤ በእኛ አገር ችሎት ሲያሸንፍ ያየሁት ግን በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጉልበታችሁን አታባክኑ። ወደ ካሣው ሂዱ።

አሜሪካኖችም ይህን በውድ ዋጋ ተምረውታል። የቺካጎ ከተማ ሮክዌል የሚባለውን መንገድ ሲያሰፋ የአንድ ትልቅ የባቡር ኩባንያ ሐዲድ የሚያልፍበትን መሬት ቆርጦ ወሰደ። ለአካባቢው ግለሰቦች የመሬታቸው ዋጋ ሲከፈላቸው፣ ለባቡር ኩባንያው ግን የዳኝነት ጉባኤው (ጁሪው) አንድ ዶላር ፈረደለት። እ.ኤ.አ. በ1897 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ የግዛት መንግሥታትና ከተሞቻቸው ያለ ተገቢ ካሣ ንብረት መውሰድ አይችሉም ሲል ወሰነ፤ ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። አንድ ዶላሩን ግን አጸናው፤ ኩባንያው ሐዲዱን እንደ ቀድሞው እየተጠቀመበት ስለሆነ የቀረበት ነገር የለም በሚል። መርሁ አሸነፈ፣ ባለጉዳዩ አንድ ዶላር ይዞ ወጣ። እኔ መርሁን ብቻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

የእኛን ስሌት ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣው የሚሰላው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በዐሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ሽሮ ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተመርጦ በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ገቢው በየዓመቱ 30 ሺህ፣ 40 ሺህ፣ 50 ሺህ፣ 60 ሺህ፣ 70 ሺህ ብር የነበረ አንድ ሰው እንውሰድ። በአሮጌው ሕግ አማካዩ 50 ሺህ ስለሆነ 500 ሺህ ብር ያገኝ ነበር። በአዲሱ 70 ሺህ በዐሥራ አምስት ሲባዛ 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ይሆናል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ሕጉ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ማሻሻያ ወጥቶለታል፤ ስለዚህ ገማቾቹ በየትኛው ሕግና መመሪያ እየሠሩ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ከሕጉ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ግን ቅጹ ነው። የገማች ኮሚቴው ቅጽ መስመር መስመር ያለው ወረቀት ነው፤ የሰብል ዓይነት፣ ስፋት፣ ምርት በኩንታል፣ የኩንታል ዋጋ፣ ድምር። ኮሚቴው ማሳው ላይ በደረሰበት ወር የቆመውን ሰብል ጽፎ ይሄዳል። ከሐይቁ ዳር የሚያርሱ አንድ አባት ቅጹን ይዘው መጡ። በሰብል ዓይነት ሥር «ዳጉሳ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራቸው አለ።

«አያ፣ ይህን መሬት በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚያርሱት?» አልኳቸው።

«ሁለቴ ነዋ ልጄ። ክረምት ዳጉሳ፣ በጋ በሞተር ሽንኩርት።»

«ታዲያ ሽንኩርቱን ለኮሚቴው ነገሯቸው?»

«ማን ጠየቀኝ!»

ከዳጉሳው ይልቅ ሽንኩርቱ ነበር ቤቱን የሚያቆመው። ሽንኩርት መተከሉን ለማስረዳት የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መዝገብ ጠየቅን፤ የውኃ ሞተሩ የተገዛበትን ደረሰኝ አገኘን፤ ሽንኩርቱን ከማሳው ሲጭን የኖረ ነጋዴ ቀርቦ መሰከረ። አሻራው ለምን አላገደንም ለሚል ሰው፣ አሻራው ያረጋገጠው ዳጉሳ መኖሩን ነው፤ ሽንኩርት አለመኖሩን አላረጋገጠም። ካሣው በይግባኝ ተሻሻለ። ዘንዘልማም ሆነ ወራሚት፣ ቁንዝላም ሆነ መሸንቲ፣ ከተማ ወደ እርሻ በሚሰፋበት ቦታ ሁሉ ይህ የበጋ ሰብል ነገር ይደገማል። ኮሚቴው ሲመጣ ከጎኑ ቁሙ። ያልቆመውን ሰብል አስጽፉ፤ አልጽፍም ካሉ ያንኑ በማመልከቻ አስገቡ።

ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ፍራፍሬ ብዙ አልልም። ዛፍ ይቆጠራል፤ ችግኙም፣ የደረሰውም፣ የሚያፈራውም ዋጋው የተለያየ ነው። ቆጠራው ሲካሄድ አብራችሁ ቁጠሩ።

ባሕር ሸሽ

የጣናን ዳር የማያውቅ ጠበቃ የባሕር ሸሽ ክርክር አይገባውም። ሐይቁ በበጋ ይሸሻል፤ ሕዝቡ ተከትሎ ይዘራል፤ ያንን መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን። በ1995 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጣና ከወትሮው እጅግ ጎድሎ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አልቻሉም ነበር። ዝናቡ አጥሮ ነበር፤ ከጨረጨራ ግድብ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች የሚለቀቀውም ውኃ አስተዋፅኦ ነበረው። የዚያን ጊዜ ሰው ውኃ ከነበረበት ገብቶ አረሰ። ውኃው ሲመለስ ከፊሉ ወጣ፤ ከፊሉ ቀረ። ዛሬ ልጁ «አባቴ ያረሰው ነው» ይላል።

የከተማው መልስ አጭርና ጠንካራ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሐይቅንና ወንዝን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች ይመድባል፤ እንዲህ ያለ ንብረት ደግሞ ምንም ያህል ዘመን ቢያዝ በይርጋ የግል አይሆንም። በዚያ ላይ የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዳርቻውን መጠበቅ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ በርትቷል። በይዞታ ደብተሩ ላይ የሌለ ባሕር ሸሽ ይዞ «መሬቴ» ብሎ መቅረብ ሙሉውን ጉዳይ ያበላሻል፤ ዳኛው በደብተሩ ያለውንም መጠራጠር ይጀምራል።

የተማርኩት መለየትን ነው። በደብተር ያለውን መሬት በይዞታነቱ፣ ባሕር ሸሹን ደግሞ በላዩ ላይ በፈሰሰው ጉልበትና በበቀለው ሰብል ለየብቻ መጠየቅ። ሁለተኛው ሁልጊዜ ባይሳካም አንደኛውን ይዞ አይወድቅም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ግን አለ። ያው ዳርቻ ለገበሬ ሲሆን ሐይቅ ነው፤ ለመዝናኛ ቤት ሲሆን ቦታ ይሆንና ካርታ ይወጣለታል። በዳኛ ፊት «ለእገሌ ተሰጥቶ ለእኔ ለምን» ማለት ብዙ አያራምድም፤ ዳኛው ያለው የእናንተ መዝገብ ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ የሚነሣው በከተማው ምክር ቤት ነው፤ እዚያ የሚያነሣው ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

ገቢ ያልተደረገ ወረቀት አልተጻፈም

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይኸኛው ነው፤ የተማርኩትም በማዘጋጃ ቤቱ ወገን ሳለሁ ነው።

ከተማ በክርክር ሲሸነፍ በአብዛኛው የሚሸነፈው ፋይሉን ስለማያገኝ ነው። ኃላፊ ይለወጣል፤ ሠራተኛ ይዛወራል፤ ቢሮ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሲዛወር መዝገቡ በጆንያ ይጫናል። ነገረ ፈጁ ለመልስ የተሰጠው ቀን እየደረሰበት ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ይዞራል። የመሬት ሠራተኛው «እኔ አዲስ ነኝ» ይላል። ስለዚህ በችሎት የሚሟገቱት ሁለት ትውስታዎች ናቸው፤ አንደኛው በወረቀት የተደገፈ ከሆነ ያሸንፋል። ያ ወረቀት የእናንተ ይሁን።

ማመልከቻ ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አንዱን ትቀበልና በገቢ መዝገቧ ትጽፈዋለች። ሁለተኛው ቅጂ ላይ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም አስመቱ፤ ቀኑንና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ታስገባበታለች፤ ትፈርምበታለች። ቁጥሩ ሳይጻፍ ማኅተም ብቻ የተመታበት ወረቀት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ዋጋው ግማሽ ነው። «ለኃላፊው በእጅ ሰጥቻለሁ» ማለት ምንም ነው። «ስልክ ደውዬ ነግሬያለሁ» ከምንም በታች ነው። የመሬት ግብር ደረሰኝንም በዚሁ ዓይን እዩት። ዓመት በዓመት የተከፈለ ግብር ብቻውን ባለይዞታ ባያደርግም፣ ባለይዞታ ለሆነ ሰው ግን ከምስክር ይልቅ ይናገርለታል። የቀበሌ የመሬት ኮሚቴ አባላት ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፤ ደረሰኝ በላስቲክ ከተጠቀለለ ይቆያል።

ቀን ቆጣሪ ሁኑ

በአዋጅ 1161 መሠረት የይዞታ ማስለቀቂያ ትእዛዝ ወይም የካሣ ግምት የደረሰው ሰው አቤቱታውን ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚያቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ ውሳኔ ቅር ካለው ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው እንደገና በ30 ቀን። ከጉባኤው ወደ ፍርድ ቤትም ያው 30 ቀን። በቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው «መጀመሪያ እዚያ ጨርስ» ተብሎ ይመለሳል፤ ሲመለስ ቀኑ አልፎ ያገኘዋል። በመደበኛ የፍትሐ ብሔር ክርክር ይግባኝ 60 ቀን፣ ሰበር 90 ቀን ነው።

ከቁንዝላ ተነሥቶ ወደ ወረዳው ከተማ ሊበን፣ ከዚያ እንደ ጉዳዩ ደረጃ ወደ ዞኑ ወይም ወደ ክልሉ ፍርድ ቤት መመላለስ ራሱ ቀን ይበላል። መንገድ በሚዘጋባቸው ወራት ደግሞ ጭራሹን አይሆንም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለበቂ ምክንያት ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ ሊፈቀድ እንደሚችል ይናገራል፤ እክሉ በተወገደ በዐሥር ቀን ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። እክሉን በወረቀት አስደግፉ፤ ከቀበሌ፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከትራንስፖርት ማኅበር ደብዳቤ። አንድ ነገር ደግሞ ደንበኞቼ ሲሰሙት ይደነግጣሉ፤ ጠበቃው ስለዘገየ ይግባኙ መዘግየቱ በዚያው ሕግ በቂ ምክንያት አይደለም። ጠበቃችሁን አትመኑ አልልም። ቀኑን ግን ራሳችሁም ቁጠሩ።

ዶዘሩ ከዳኛው ይቀድማል

ክስ መመሥረት ግንባታም ማፍረስም አያስቆምም። የሚያስቆመው ዕግድ ነው፤ ዕግድ ደግሞ ተለይቶ፣ በቃለ መሐላ ተደግፎ መጠየቅ አለበት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ «ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተይዟል» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፎ የሚተኛ አለ።

ዕግዱ ከተሰጠም በኋላ በመዝገብ ቤት በኩል እስኪደርስ አትጠብቁ። የትእዛዙን ግልባጭ ራሳችሁ ይዛችሁ ለከተማው ጽሕፈት ቤትም፣ ለሥራው ኃላፊ መሐንዲስም አድርሱና የተረከበበትን ፊርማ ያዙ። የዶዘሩ ሾፌር ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀቱን ያነብና አለቃው ጋ ይደውላል። አለቃው «አልደረሰኝም» ማለት የሚችል ከሆነ ይላል። አፍራሽ ግብረ ኃይል ለምን ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምጣት እንደሚወድ የሚጠይቁኝ አሉ። ቅዳሜና እሑድ መደበኛ ችሎት እንደሌለ እነሱም ያውቃሉ።

የማልይዘው ጉዳይ

ከገበሬ ላይ በመንደር ውል መሬት ገዝቶ ቤት የሠራ ሰው በብዛት ይመጣል። ምስክሮች ፈርመዋል፤ ገንዘቡ ተቆጥሯል፤ አንዳንዱ ሌሊት ሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት ነው። ለሁሉም የምነግረው አንድ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፤ ውሉ አይጸናም። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በሕገወጥ መንገድ የተያዘን ቦታ ከተማው የ7 የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ካሣ ማስለቀቅ ይችላል። ከተማውን ለመክሰስ የምታወጡትን ገንዘብ ያዙና የሸጠላችሁን ሰው ገንዘባችሁን እንዲመልስ ጠይቁት፤ ፈራሽ ውል ሁለቱን ወገን ወደ ነበሩበት ይመልሳል።

ይህን ስል የሚቆጡ አሉ። ሌላ ጠበቃ ሄደው ሁለት ዓመት ተከራክረው ይመለሳሉ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ሠፈሩ ሲሠራ ዐይኑን ጨፍኖ፣ መብራት አስገብቶ፣ አንዳንድ ቦታ ግብርም ተቀብሎ ኋላ የሚያፈርስ አስተዳደር በሕግ ባይጠየቅም በሕሊና ይጠየቃል። ግን ሕሊና አፈጻጸም የለውም።

ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት

ባጭሩ፦ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። ካሣው የሁለቱም ነው። በባል ስም ብቻ በተከፈተ የባንክ ደብተር የገባ ካሣ ካሣውን ካስገኘው ክስ የሚበልጥ ክስ ያመጣል። ወንድማማቾችም መሬቱ ሳለ ተስማምተው አርሰው፣ ብሩ ሲመጣ የሚካሰሱትን ያህል በከተማው ላይ ተባብረው አይከሱም። ካሣው ከመከፈሉ በፊት ድርሻችሁን ጻፉ።

ያሸነፈ ሁሉ አይከፈለውም

ፍርዱ ተነቦ ከችሎት ሲወጡ ሰንጋ የሚጥሉ አሉ። እኔ ገና ነው እላለሁ። የከተማው መልስ «ፍርዱን እናከብራለን፤ በጀት ግን አልተያዘለትም» ነው። ይህ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ለመንገድና ለደመወዝ ተደልድሎ አልቋል። ነገረ ፈጅ ሳለሁ በፍርድ የተሸነፍንበትን ገንዘብ ለፋይናንስ ሳስታውቅ «ለምን በመጋቢት አልነገርከንም» ይሉኝ ነበር። ዳኛው የፈረደው በግንቦት ነዋ!

ስለዚህ ፍርዱ እንደወጣ ግልባጩን ለከተማው ፋይናንስ ክፍል በደብዳቤ አስገቡ፤ ገቢ አስደርጉ፤ ለመጪው ዓመት እንዲያዝ ጠይቁ። ዘንድሮ ካልሆነ ሐምሌን አልፎ ሰበብ አይኖርም፤ የአፈጻጸም መዝገብ ስትከፍቱ ኃላፊው ቀርቦ እንዲያስረዳ ዳኛው ያዛል። ፊት ለፊት ቀርቦ በዳኛ ፊት «በጀት የለም» ማለት በስልክ እንደማለት አይቀልም። የከተማውን ተሽከርካሪ ወይም ዕቃ ላስይዝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ግን እመልሰዋለሁ። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥበትን ንብረት ሸጦ ዕዳ ለመክፈል የሚፈቅድ ዳኛ አታገኙም፤ ብታገኙም ሠፈሩ ይጠላችኋል።

ብር የሌለው ሰው ምን ያድርግ

የካሣ ክስ ሲበዛ የዳኝነት ክፍያውም ይበዛል፤ ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ነውና። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ከሚገባው በታች ይጠይቃል። አታድርጉት፤ ያልተጠየቀ ዳኝነት አይፈረድም። የመክፈል ዐቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ መመሥረት እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ ዳኛው ንብረታችሁን አጣርቶ ይወስናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ዐቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

የማስለቀቂያ ደብዳቤ ዛሬ ከደረሳችሁ፣ የደረሳችሁበትን ቀን በጀርባው ጻፉ፤ ፈርሙ ከተባላችሁ «ተቀብያለሁ» እንጂ «ተስማምቻለሁ» የሚል ላይ አትፈርሙ። ከዚያ የይዞታ ደብተራችሁን፣ የግብር ደረሰኞቻችሁንና የገማቾቹን ቅጽ ይዛችሁ በዚያው ሳምንት የሕግ ሰው ዘንድ ሂዱ። ሠላሳው ቀን መቆጠር ጀምሯል።